የቁማር ግብርና የዳኛ ሕሊና

አንዲት ከተማ ከቁማር ቤት በምትሰበስበው ግብር ለእሳት አደጋ ሠራተኞቿ ደመወዝ ብትከፍል፣ መንገዷን ብታድስ፣ ቤት አልባውን ብታስጠልል፣ ገንዘቡ የሚመዘነው በዋለበት ሥራ ነው ወይስ በመጣበት መንገድ? ጥያቄው የፈላስፎች እንቆቅልሽ ይመስላል። ነገር ግን በሳን ሆዜ የሚኖር፣ ዜግነት ተቀብሎ ስሙን በመራጮች መዝገብ ያስመዘገበ ወገናችን ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አግኝቶታል። በኖቬምበር 2020 ሜዠር ኤች የተባለው ውሳኔ ለከተማዋ ሕዝብ በቀረበ ጊዜ በካርታ ቤቶች ላይ ግብር ይጨመር፣ የመጫወቻ ጠረጴዛዎቻቸውም ቁጥር ይብዛ የሚለው ሐሳብ በአንድ ጥያቄ ተጠቃልሎ ነበር፤ ሕዝቡም በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በነገሩ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቤቱ ራሱ ከተጫዋቾች ጋር የሚወራረድበትን የካርታ ጨዋታ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት በከተሞቻችን ያሉት የካርታ ቤቶች ከላስ ቬጋስ ካዚኖዎች በሕግ ይለያሉ። ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ይወራረዳሉ፤ ወይም ለዚሁ ተግባር ፈቃድ ያወጣ ሌላ ድርጅት ገንዘብ አቅርቦ ከእነርሱ ጋር ይጫወታል። ቤቱ የሚወስደው ለእያንዳንዱ ጨዋታ ወይም ተጫዋቹ ለተቀመጠበት ጊዜ የሚከፈለውን ዋጋ ነው። ልብ ብለን እንየው፤ በዚህ አሠራር ማን እንዳሸነፈ ማንም እንደ ተሸነፈ ለቤቱ ለውጥ የለውም። ቤቱን የሚጎዳው ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው።

በ1997 የወጣው የካሊፎርኒያ የቁማር ቁጥጥር ሕግ ባለቤቶችን መርምሮ ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለግዛቲቱ ባለሥልጣኖች ሲሰጥ፣ የካርታ ቤት በከተማ ውስጥ ይኑር ወይስ አይኑር፣ በየትኛው ሰፈር ይቁም፣ ስንት ጠረጴዛ ይዘርጋ፣ ስንት ሰዓት ይከፈት የሚለውን በአብዛኛው ለየአካባቢው ምክር ቤት ትቶታል። ጠረጴዛዎቹን በከፍተኛ መጠን ለማብዛት ግን የሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል። ግዛቲቱ አዲስ የካርታ ቤት እንዳይከፈትም ለብዙ ዓመታት አግዳ ቆይታለች፤ እግዱ በ2023 በወጣ ሕግ እስከ 2043 ተራዝሟል። እንግዲህ ፈቃዱ በእጃቸው ያለ ቤቶች አዲስ ተወዳዳሪ አይነሣባቸውም፤ የእነርሱም መስፋትና መጥበብ በዋናነት በከተማው ምክር ቤትና በሕዝቡ ድምፅ እጅ ነው።

በሳን ሆዜ እንዲህ ያሉ ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው በ1994 ተከፍቶ በ2017 ወደ ኖርዝ ፈርስት ጎዳና የተዛወረው ቤይ 101 ነው፤ ሁለተኛው ቀድሞ ጋርደን ሲቲ ይባል የነበረውና በ2012 በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ወደ ተሠራው አዲስ ሕንፃ የገባው ካዚኖ ማትሪክስ ነው። ከተማዋ በ2010 ሜዠር ኬ በተባለው ውሳኔ በቤቶቹ ጠቅላላ ገቢ ላይ የምትጥለውን ግብር ከመቶ 13 ወደ 15 ስታሳድግ፣ የየቤቱን ጠረጴዛም ከ40 ወደ 49 አደረሰችው። ከአሥር ዓመት በኋላ በሜዠር ኤች ግብሩ ከመቶ 16.5 ሲሆን የየቤቱ ጠረጴዛ 15 ተጨምሮለት 64 እንዲሆን ተፈቀደ፤ ከተጫዋቾች ጋር በሚወራረዱት ድርጅቶችም ላይ አዲስ ግብር ተጣለ። ከዚህ ሁሉ በዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚገኝ ለመራጮች ተገልጾ ነበር።

ኦክላንድ በሌላ መንገድ ሄዳለች። በ2005 የኮይ ነገድ በአውሮፕላን ማረፊያዋ አጠገብ ትልቅ ካዚኖ ለመሥራት ያቀረበውን ሐሳብ የከተማዋ ምክር ቤት ተቃወመ፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ። ይሁን እንጂ ከኦክላንድ ተነሥቶ በሳን ፓብሎ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ በኤመሪቪል ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን ኦክስ የካርታ ክለብ ያገኛል። በዚያው ጎዳና ቢገፋ በሳን ፓብሎ ከተማ የሊተን ነገድ ካዚኖ ዘንድ ይደርሳል፤ ያችም ትንሽ ከተማ ከገቢዋ ትልቁን ድርሻ የምታገኘው ከዚሁ ቤት ነው። እንግዲህ አንዷ ከተማ እንቢ ስትል ጎረቤቷ እሺ ትላለች፤ ቁማርተኛውም የሚያጣው የአንድ አውቶቡስ መንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህንን ኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ቁማር ስለ ምን ክፉ እንደ ተባለ እንመርምር። በቋንቋችን ዕጣ የሚለው ቃል ክቡር ነው። የእስራኤል ነገዶች ርስታቸውን የተካፈሉት በዕጣ ነው፤ በይሁዳ ምትክ ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው። ወታደሮቹም ከመስቀሉ ሥር የጌታችንን ልብስ ለመካፈል የተጣጣሉት ዕጣ ነው። የእጃቸው ሥራ አንድ ሲሆን ፍርዱ የተለያየው ዕጣው ባገለገለው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዕጣው አድልዎን ያርቃል፤ በኋለኛው ግን ከተገፈፈ ሰው የተወሰደውን ለገፋፊዎች ያከፋፍላል።

ከአገራችን ይዘነው የመጣነው እቁብ ይህን ልዩነት ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ሃያ ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ቢጥሉ በየወሩ ለአንዱ 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። ዕጣው የሚቆርጠው መቼ እንደሚደርሰው ነው፤ መድረሱን ግን ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሶቹ አስረውታል። በመጨረሻው ወር የወጣለት ሰው በመጀመሪያው ወር ከወጣለት ሰው አንዲት ዶላር አያንስበትም። የአንዱ ደስታ በሌላው ሐዘን አልተገዛም። በካርታ ቤት ግን አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነው፤ ቤቱ ዋጋውን፣ ከተማውም ከቤቱ ላይ ግብሩን ካነሡ በኋላ ደግሞ ሰዎቹ ሁሉ ተደምረው ይዘውት የሚወጡት ይዘውት ከገቡት ያነሰ ነው። አሪስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በአራተኛው መጽሐፍ ቁማርተኛውን ከቀማኛ ጋር የሚቆጥረው፣ ሊሰጣቸው ከሚገባው ከወዳጆቹ ላይ ስለሚያተርፍ ነው። በሐዋርያት ስም ከተጻፉት ቀኖናዎችም በግሪኩ አቈጣጠር 42ኛውና 43ኛው በቁማርና በመጠጥ የተጠመደ ካህን ወይ እንዲተው ወይ እንዲሻር፣ ምእመንም እንዲሁ ወይ እንዲተው ወይ ከምሥጢር እንዲከለከል ያዝዛሉ። ቅጣቱ ከመምጣቱ በፊት የመተው በር መከፈቱን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ይሁን እንጂ ክፉ የሆነ ነገር ሁሉ በሕግ መከልከል አለበት አይባልም። ስስት ክፉ ነው፤ ስስታምን ግን ፖሊስ አይዘውም። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ስለ ነጻነት ባሳተመው መጽሐፍ የቁማር ቤት ጠባቂን ጉዳይ በሁለት መርሆች ድንበር ላይ የቆመ አድርጎ ያየዋል። በአንድ በኩል አንድ ሰው ሊያደርገው የተፈቀደለትን ነገር ሌላው ቢመክረው ወንጀል ሊሆን አይገባም፤ በሌላ በኩል ትርፉ በሰዎች ድካም ላይ የቆመ ሰው እንደ ቅን መካሪ አይቆጠርም። በመጨረሻም ሰዎች በገዛ ቤታቸው ወይም በማኅበራቸው ቢጫወቱ ይተዉ፣ ለሕዝብ የተከፈተ የቁማር ቤት ግን አይፈቀድ ወደሚለው ያዘነብላል። ክልከላ ሁልጊዜ እንደማይጠብቅ፣ ድብቅ ቁማር ቤቶችና የተበላሹ ፖሊሶች እንደሚወልድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፈቅዶ መቆጣጠር ይሻላል ቢል ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በመብራት ሥር የቆመ፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ ካርታው የተመረመረ ቤት፣ አበዳሪው ዱላ ይዞ ከሚጠብቅበት የጓዳ ቁማር ሳይሻል አይቀርም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ስለፈቀደ ብቻ አንከሰውም።

ጭንቁ የሚጀምረው ፈቃጁ ተካፋይ በሆነ ጊዜ ነው። ሕጋችንና ትውፊታችን ለዳኛ መማለጃን አጥብቀው ይከለክላሉ። የካርታ ቤት ግብር መማለጃ አይደለም፤ መማለጃ በስውር ይሰጣል፣ ግብሩ ግን በአዋጅ ይሰበሰባል፤ መማለጃ ወደ ዳኛው ኪስ ይገባል፣ ግብሩ ግን ወደ ሕዝብ ግምጃ ቤት። የምክር ቤቱን አባላት በጉቦ መጠርጠር ነውር ነው። ነገር ግን መማለጃ ስለ ምን እንደ ተከለከለ እንጠይቅ። የተከለከለው ዳኛው ከሁለቱ ባለጉዳዮች በአንዱ መርታት ተጠቃሚ ስለሚሆን፣ ዐይኑም በጥቅሙ በኩል ስለሚያይ ነው። ከተማዋ የጠረጴዛውን ቁጥር የምትወስን ዳኛ ናት፤ ከጠቅላላው ገቢ ከመቶ 16.5 የምታነሣም ባለጥቅም ናት። ገንዘቡ ለግል ኪስ ሳይሆን ለመልካም ሥራ መዋሉ ፈተናውን አያቀለውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። ለራሱ የሚሰበስብ ሰው ሕሊናው አንዳንድ ጊዜ ይወቅሰዋል፤ ለድኻ የሚሰበስብ ሰው ግን ሕሊናውም ይመርቀዋል።

በዚህ ላይ ከሁሉ የበረታውን መልስ ያው ሚል ራሱ ያቀርባል። መንግሥት ያለ ግብር መኖር ስለማይችል፣ ሰው ሳይጎዳ ሊተወው በሚችለው ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በመጠጥ ላይ፣ ከፍተኛ ገቢ እስከሚያስገኝበት መጠን ድረስ ግብር ቢጣል የሚደገፍ ነው ይላል። ከዳቦ ይልቅ ካርታ ቢገበር ማን ይቃወማል? መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከፍተኛውን ገቢ የሚፈልግ መንግሥት ሰው ሁሉ መጫወት ቢተው ይከስራል፤ ስለዚህ በአፉ ተዉ ሲል በመዝገቡ ግን ቀጥሉ ይላል። ደግሞም ከፋዩ ሁሉ በፈቃዱ የሚከፍል አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ሱስን ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ መድቦታል። የአውስትራሊያ የምርታማነት ኮሚሽን በ2010 ባቀረበው ጥናት በአገሩ በቁማር ማሽኖች ከሚጠፋው ገንዘብ 40 ከመቶ ያህሉ ችግር ላይ ከወደቁ ቁማርተኞች የሚመጣ መሆኑን ገምቷል። የሳን ሆዜ ቤቶች ማሽን የላቸውም፤ ካርታና ማሽንም አንድ አይደሉም። ቢሆንም ጥናቱ የሚያነሣው ጥያቄ ለሁሉም ነው፦ ግብሩ የሚቆመው በጤነኛው ሰው ጨዋታ ላይ ነው ወይስ በሕመምተኛው ደዌ ላይ?

ሁለተኛው መልስ፣ እኛ ብንተወው ጎረቤት ይወስደዋል የሚል ነው። በእርግጥም የኦክላንድ እንቢታ የኤመሪቪልንና የሳን ፓብሎን በር አልዘጋም። ግን ይህ ሙግት ለማንኛውም ክፉ ነገር ይሠራል፤ የሰረቁትን ዕቃ የሚገዛም እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል ይላል። የጎረቤት መኖር ቁማርን ከምድር እንደማናጠፋ ይነግረናል እንጂ ከትርፉ እንድንካፈል አያዝዘንም። ሦስተኛው መልስ ችግር ነው። በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የካርታ ቤቶቹ ሲዘጉ ከዚያ የሚገኘው ግብርም ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለመራጮች የቀረበው ሐሳብ ግን ግብሩን ከማሳደግ ጋር ጠረጴዛዎቹን ማብዛት ነበር። ገቢው ለአስቸኳይ አደጋ፣ ለመንገድ ጥገና፣ ለወጣቶችና ለቤት አልባዎች አገልግሎት እንደሚውል ተነገረ። ይህን ሰምቶ እንቢ ለማለት ልቡ የሚጨክን ምን ያህሉ ነው? ግብሩ ይጨመር የሚለው ቁማርን የማጥበቅ ሐሳብ ነው፤ ጠረጴዛው ይብዛ የሚለው ደግሞ የማላላት። ሁለቱ በአንድ መልስ ሲታሰሩ መራጩ አንዱን ወድዶ ሌላውን ሊነቅፍ አልቻለም።

የአገራችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1961 ሲቋቋም ትርፉ ለአገር ልማት እንዲውል ታስቦ ነበር። ያው መሥሪያ ቤት በአንድ እጁ ትኬት እያዞረ በሌላ እጁ ለሌሎች የዕድል ጨዋታዎች ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር ሆነ። ቤቲንግ የሚባለው የእግር ኳስ ውርርድ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በየሰፈሩ እስኪበዛ ድረስ የተስፋፋው ከዚሁ መሥሪያ ቤት በተሰጠ ፈቃድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጣቱን እያበላሹ ነው በማለት ብዙዎቹን ቤቶች ዘጋ። አንዱ የመንግሥት አካል ፈቃድ ሰጥቶ ገቢ ሲሰበስብ ሌላው በሩን አሸገ። ልኩን አስቀድሞ ያልወሰነ አገር ገቢው ሲጥመው ያሰፋል፣ ጉዳቱ ሲያስደነግጠው ይዘጋል፤ በመካከሉ ያለው ወጣት ግን ልምዱን ይዞ ይቀራል፣ ቤቱ ቢዘጋም ስልኩ በኪሱ ነው። ካሊፎርኒያ በዚህ ረገድ የተሻለ ምሳሌ አላት፤ በኖቬምበር 2022 የስፖርት ውርርድን ለመፍቀድ የቀረቡትን 26ኛውንና 27ኛውን የሕዝብ ውሳኔዎች፣ እጅግ ብዙ ገንዘብ ለማስታወቂያ ፈስሶ ሳለ፣ ሕዝቡ ሁለቱንም ጥሏቸዋል። ከ27ኛው የሚገኘው ገንዘብ ለቤት አልባዎች ይውላል ተብሎ ነበር። መራጩ ግን በጎው ስም ምንጩን እንደማያጠራ አስተዋለ።

እንግዲህ ፈቃድ መስጠት ካልቀረ ዳኛዋ ከተማ ሕሊናዋን የምትጠብቅበት ሦስት መንገድ ይታየናል። አንደኛ፣ የካርታ ቤት ግብር አስቀድሞ ቁማሩ ላመጣው ጉዳት ይዋል፤ ለቁጥጥሩ፣ ለሱሰኛው ሕክምና፣ ለፈረሰው ቤተሰብ። ጉዳቱ ሲቀንስ ገቢው ቢቀንስ ማንም አይጎዳም። የተረፈው አንድ ጊዜ ለሚሠራ ነገር ይሁን እንጂ የዕለት እንጀራ አይሁን፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደመወዝ በቁማርተኛ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ የግብርና የጠረጴዛ ጥያቄ በድምፅ መስጫ ላይ ለየብቻ ይቅረቡ። ሦስተኛ፣ ከተማዋ ያገኘችውን ገንዘብ በየዓመቱ እንደምታስታውቅ ሁሉ ስንት ሰው እንደ ተጎዳም ታስታውቅ፤ የአንዱን ወገን ሒሳብ ብቻ የሚያነብ ዳኛ ፍርዱ አይቀናም።

ይህ ለምክር ቤቱ ነው፤ ለራሳችንም የሚነገር አለ። በዓልና የሕንፃ ማሠሪያ በመጣ ቁጥር ማኅበሮቻችን ቶምቦላ ይሸጣሉ። የካሊፎርኒያ ሕግ ለበጎ አድራጎት የሚዘጋጅ ቶምቦላን የሚፈቅደው ማኅበሩ አስቀድሞ ተመዝግቦ ከጠቅላላው ሽያጭ ቢያንስ 90 ከመቶው ለበጎ አድራጎቱ ሲውል ነው። ሕጉ እንግዲህ ስጦታው ዋና፣ ዕጣው ጥቂት እንዲሆን ይፈልጋል። እኛም ለከተማዋ ያነሣነውን መለኪያ ለራሳችን ማንሣት አለብን፦ ዕጣው ባይኖር ኖሮ ይህ ሰው ይሰጥ ነበር? ይሰጥ ከነበረ ዕጣው ጨዋታ ነው፤ ካልሰጠ ግን የሰበሰብነው ምጽዋት ሳይሆን ምኞት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ስእለትና አሥራት፣ በግልጽ የተሰጠና ዋጋ ያልጠበቀ ስጦታ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ዝምታችን ነው። በስደት ያለ ቁማርተኛ ገንዘቡን ከማጣቱ በፊት ስሙን እንዳያጣ ይፈራል። የእቁቡን ብር በአንድ ሌሊት ያጠፋ ሰው ዋሶቹን ከመጋፈጥ ከተማ መልቀቅን ይመርጣል፤ ሚስቱ የቤት ኪራዩ የት እንደ ገባ ለማንም አትናገርም፤ እኛም በቡና ላይ እናማዋለን እንጂ በሩን አናንኳኳም። በዚህች ግዛት ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ ስሙን አስመዝግቦ ከካርታ ቤቶች እንዳይገባ ራሱን ሊያሳግድ ይችላል፤ ለቁማር ሱስ ነጻ ሕክምናም በሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በኩል ይገኛል፤ ለባለቤቱና ለቤተሰቡም ጭምር። የንስሐ አባቶች ይህን ቢያውቁና ቢነግሩ፣ የእቁብ ዳኞችም ዕዳውን ቀስ ብሎ የሚከፍልበትን መንገድ ቢያበጁለት፣ ያ ቀኖና የከፈተው የመተው በር በእኛም ዘንድ ክፍት ይሆናል።

በዚህ አገር የከተማ ሥልጣን ከሕዝብ የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ በሰጠን ቀን ዳኞቹ እኛ ነን። የሚታደሰው መንገድ የምንነዳበት፣ የሚከፈለውም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቤታችንን የሚያጠፋልን በመሆኑ ባለጥቅሞቹም እኛው ነን። ሌላ የጠረጴዛ ጥያቄ በወረቀታችን ላይ በመጣ ጊዜ ወረቀቱ ስለሚገኘው ገንዘብ ይነግረናል፤ ገንዘቡን በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚከፍለው ሰው ግን አይነግረንም። እርሱን ማሰብ የእኛ ፋንታ ነው፤ ምናልባት እሑድ ከጎናችን ቆሞ የሚያስቀድስ ሊሆን ይችላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።